ሴት ተማሪዎች የበለጠ ያተረፉበት ሙከራ፦ ቤኒን ሲቲ፣ ናይጄሪያ

በደቡብ ናይጄሪያ የኤዶ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ቤኒን ሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በጁን እና በጁላይ 2024 የዘጠኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከመደበኛው ትምህርት ሰዓት በኋላ ለሌላ ትምህርት ይቀመጡ ነበር። ለስድስት ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር ፊት እየተቀመጡ እንግሊዝኛ ተማሩ። የሚያስጠናቸው ኮፓይለት የተባለው የማይክሮሶፍት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ነበር፤ መሣሪያው ያኔ ጂፒቲ-4 በተባለው የቋንቋ ሞዴል ይሠራ ነበር። መምህራቸውም አብሯቸው ነበር።

ሙከራውን የገመገመው የዓለም ባንክ የጥናት ቡድን ነው። የመጀመሪያው ውጤት በ2025 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሲሆን ከሁሉ በላይ የተወራው በስድስት ሳምንት የሁለት ዓመት ያህል ትምህርት ተገኘ የሚለው ነበር። ይህ አባባል የራሱ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ እመለስበታለሁ። ለእኔ ግን የበለጠ ክብደት ያለው ከዚህ ዜና ጀርባ የተቀመጠው ሌላ ግኝት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሙሉ የጥናት ጽሑፍ እንደሚለው ፕሮግራሙ በሁሉም የችሎታ ደረጃ ላይ ያሉ ተማሪዎችን ጠቅሟል። ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን ሁለት ወገኖችን ነው፤ ሴቶችንና ቀድሞውኑ በትምህርታቸው የተሻሉ የነበሩትን።

እነዚህ ሁለት ግኝቶች የሚጎትቱት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሴቶቹ ሲጀመር ከወንዶቹ ወደኋላ ቀርተው ስለነበር የእነርሱ ማደግ ክፍተት ያጠብባል። ጎበዞቹ የበለጠ ማደጋቸው ደግሞ ክፍተት ያሰፋል። አንድ መሣሪያ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አደረገ። ይህ ቴክኖሎጂ ማንንም ሳይተው ለሁሉም ተማሪ የሚሆን ትምህርት ያመጣል እየተባለ ብዙ በሚነገርበት በዚህ ወቅት፣ የቤኒን ሲቲን ጉዳይ በዝርዝር ማየት የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግሊዝኛ በር የሆነበት ከተማ

ቤኒን ሲቲ የጥንታዊው የቤኒን መንግሥት መናገሻ ናት። የሕዝቡ ቋንቋ ኤዶ ነው፤ በግዛቲቱ ሌሎች አካባቢዎች ኤሳንና ሌሎች ተዛማጅ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በገበያና በመንገድ ላይ ሁሉንም የሚያግባባው የናይጄሪያ ፒጂን ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም በአምስት የትምህርት ዓይነቶች ጥሩ ውጤት ማምጣት ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዱ እንግሊዝኛ መሆኑ ግድ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያልገባው ልጅ ባዮሎጂም፣ ታሪክም፣ ዩኒቨርሲቲም አብረው ይዘጉበታል።

አቅም ያለው ቤተሰብ ለዚህ መፍትሔ አለው። ናይጄሪያ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በክፍያ የሚያስጠና ሰው መቅጠር የተለመደ ነው፤ እኛ ጋር አስጠኚ እንደምንለው ማለት ነው። አስጠኚው ልጁ የት ጋ እንደተሳሳተ ያያል፣ ያልገባውን ደግሞ ያስረዳዋል፣ በልጁ ፍጥነት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ለአንድ የተማሩ ልጆች በተለመደው ክፍል ከተማሩት በሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳይ መለኪያ ነው) እንደሚበልጡ ተናግሮ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አለ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ አስጠኚ መቅጠር ለማይችል አገር ምን ይደረግ?

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሁሉ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የእኛም ልጆች እንደየክልሉ ከሰባተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቋንቋው ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነ ሁሉ ይመሰክራል።

ክፍለ ጊዜው እንዴት ነበር?

ተማሪዎቹ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመት ላይ የነበሩ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር አሥረኛ ክፍል መሆኑ ነው። መሳተፍ እንፈልጋለን ካሉት መካከል ገሚሶቹ በዕጣ ወደ ፕሮግራሙ ገቡ፤ ገሚሶቹ በተለመደው ትምህርታቸው ብቻ ቀጠሉ። ዕጣው ትልቅ ቁም ነገር ነው። መግባት በፍላጎት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቀድሞውኑ የተጉት ልጆች ገብተው በኋላ ለታየው ልዩነት ምስጋናውን ኮምፒውተሩ በወሰደው ነበር።

ፕሮግራሙ ተማሪን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ዞር አላለም። መምህራኑ አስቀድመው ሠለጠኑ። ተማሪዎቹም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንደሚሳሳት፣ የሌለ ነገር ፈጥሮ በልበ ሙሉነት ሊናገር እንደሚችል ተማሩ። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት የተወሰደ ርእስ ነበር። መምህሩ ርእሱን ያስተዋውቃል፤ ለመሣሪያው የሚቀርበውን የመጀመሪያ ጥያቄ ይሰጣል፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀጥላሉ። እርሱ ደግሞ በመካከላቸው እየተዘዋወረ የተቸገረውን ይረዳል፣ የሳተውን ይመልሳል።

ይህ አሠራር በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ ልዩ ልዩ ተማሪዎች ምን እንደሚሰጥ በምሳሌ ላሳይ። ርእሱ የተደራጊ ግሥ አጠቃቀም ነው እንበል። አንደኛው ጥንድ ደንቡን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ከበድ ያለ መልመጃ እንዲያወጣለት ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥንድ ደንቡ የተብራራበት ዐረፍተ ነገር ራሱ አልገባውም፤ በአጭር ዐረፍተ ነገርና በቀላል ቃል እንደገና እንዲብራራ ይጠይቃል። ሦስተኛው ስለ ለንደን ባቡር የሚያወራው ምሳሌ ምንም አልነገረውምና በቤኒን ሲቲ ገበያ ላይ የተመሠረተ ምሳሌ ይፈልጋል። ሦስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የፈለጉትን ያገኛሉ። ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል የሚያስተምር መምህር፣ የቱንም ያህል ቢተጋ፣ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም።

እዚህ ላይ ፕላዝማን ማስታወስ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የኢትዮጵያ የሳተላይት ትምህርት፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ነበር። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ትምህርት ያግኝ የሚል። ችግሩ ቴሌቪዥኑ አይጠየቅም፤ አይቆምም፤ ወደኋላም አይመለስም። በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሮጣል። ለመምህሩ የተረፈው በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ቋንቋው የገባው ተማሪ ተከተለ፤ ያልገባው ቁጭ ብሎ ምስሉን አየ። አንድ ዓይነት ትምህርት ለሁሉም መስጠት ሁሉንም እኩል ማስተማር እንዳልሆነ የአንድ ትውልድ ተማሪዎች በራሳቸው ላይ አይተውታል።

የቤኒን ሲቲው አሠራር ከፕላዝማ በሁለት ነገር ይለያል። መሣሪያው ይጠየቃል፤ መምህሩም ከመድረኩ አልተገፋም። ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ቁጥሮቹ የሚናገሩትና የማይናገሩት

ስድስቱ ሳምንታት ካለቁ በኋላ ሁለቱም ወገኖች በእስክሪብቶና በወረቀት ተፈተኑ። ኮምፒውተር አልነበረም፤ የሚረዳ መሣሪያ አልነበረም። ፈተናው እንግሊዝኛን፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸውን ዕውቀትና የዲጂታል ክህሎትን ያካተተ ነበር። በፕሮግራሙ የተሳተፉት በአጠቃላይ ውጤቱ በ0.31 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲታይ ደግሞ በ0.23 በለጡ። ለቁጥር ሩቅ ለሆነ አንባቢ እንዲህ ልበለው፦ በእንግሊዝኛ ከመቶ ተማሪዎች 50ውን የሚበልጥ መካከለኛ ተማሪ ነበር ብንል፣ ከፕሮግራሙ በኋላ 59 የሚሆኑትን ይበልጣል። ከስድስት ሳምንት ለሚገኝ ነገር ይህ ትንሽ አይደለም።

አጥኚዎቹን ከምንም በላይ ያበረታታው ሌላ ነገር ነበር። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተናም ተሻሉ። ያ ፈተና በስድስቱ ሳምንታት ከተሸፈነው ርእስ ብዙ የራቀ የዓመቱን ትምህርት የሚጠይቅ ነው። ይህ የሚያመለክተው ልጆቹ ያተረፉት የተወሰኑ ርእሶችን ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ሳይጨነቁ መጠየቅን፣ ያልገባቸውን ለይቶ ማወቅን ጭምር የተማሩ ይመስላል።

አሁን ወደ ሁለት ዓመቱ ልመለስ። ሙሉው የጥናት ጽሑፍ ያስቀመጠው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የተለመደ ትምህርት የሚል ነው። ይህ ስሌት የሚቆመው በተለመደው የትምህርት ዓመት ተማሪው ምን ያህል ይማራል በሚለው ላይ ነው። በተለመደው ዓመት የሚገኘው ዕውቀት ትንሽ በሆነበት አገር፣ ማንኛውም ጥሩ ፕሮግራም በዓመት ሲለካ ግዙፍ ሆኖ ይታያል። እናም ቁጥሩን ሳነበው ከመሣሪያው ታላቅነት ይልቅ የመደበኛው ዓመት ድህነት ያሳዝነኛል።

ሌላም ነገር አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሰዓት ተኩል፣ ለስድስት ሳምንት ሲባል 18 ሰዓት ይሆናል። በዕጣ ያልገቡት ተማሪዎች ይህን 18 ሰዓት አላገኙም። ስለዚህ የታየው ልዩነት ከመሣሪያው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ተጨማሪው ሰዓት፣ የሠለጠነው መምህር፣ በጥንድ መሥራቱ ሁሉ ተደምረው ያመጡት ነው። ይህን የምለው ሙከራውን ለማሳነስ አይደለም። የተለካው ፕሮግራሙ በሙሉ ነው፤ ሶፍትዌሩን ብቻ ገዝቶ ያንኑ ውጤት የሚጠብቅ የትምህርት ቢሮ ካለ ግን ገንዘቡን ይበትናል።

ሴቶቹ ለምን የበለጠ አተረፉ?

ጥናቱ ያሳየው ልዩነቱን ነው። ስለ ምክንያቱ የማምንበትን ልናገር።

ወደኋላ የቀረ ተማሪ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠይቅ አለማወቁን በሰው ሁሉ ፊት እየገለጠ ነው። በውጭ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ድርብ ነው፤ አለማወቁም፣ የተናገረበት የተሰባበረ እንግሊዝኛም ለሳቅ ይዳርገዋል። ልጃገረዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲያድጉ በሚጠበቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ፍርሃት የበለጠ የሚከብደው በእነርሱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አይስቅም፤ ለአምስተኛ ጊዜ ቢጠየቅም አይሰለችም። ከአንዲት ጓደኛ ጋር ብቻ ሆኖ የሚጠየቅ ጥያቄ እጅ አውጥቶ ከሚጠየቀው ይቀላል። ለእኔ የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ነው። ቤት ውስጥ ለአስጠኚ የሚከፈል ገንዘብ ሲያጥር፣ ስልክና ኮምፒውተር ሲያጥር፣ የማጥኛ ሰዓት ሲያጥር፣ እጥረቱ ለወንድና ለሴት እኩል አይከፋፈልም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወጥ ቤቱ ይጠብቃታል፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል። ፕሮግራሙ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሰዓት ተኩል ያህል፣ ስሟ ተጽፎ፣ መምህር እየጠበቃት፣ ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጥበትን መብት ሰጣት። ማንም ነይና ወጥ ሥሪ አላላትም። ይህ የቴክኖሎጂ ነገር አይደለም፤ የጊዜና የቦታ ጥበቃ ነው። ያው ኮፓይለት በስልክ ላይ ተጭኖ ቤት ተጠቀሙበት ተብሎ ቢሰጥ ኖሮ ሴቶቹ የበለጠ ያተርፉ ነበር ብዬ አላምንም። ምናልባትም ውጤቱ ይገለበጥ ነበር።

ጎበዞቹስ?

ፕሮግራሙ የተሻሉትን የበለጠ መጥቀሙ ሊያስደንቀን አይገባም። መሣሪያው በጽሑፍ ያናግራል፣ በጽሑፍ ይመልሳል። ለመጠቀም ማንበብና መጻፍ ይጠይቃል፤ የሚነበበውም ያው ልጁ ገና እየተማረው ያለው እንግሊዝኛ ነው። ከዚህም ይብሳል፦ ጥሩ ጥያቄ ለመጠየቅ ያልገባህ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ደካማው ተማሪ የተቸገረው በዚሁ ነው። አልገባኝም ይላል፤ ምኑ እንዳልገባው ግን መለየት አይችልም። ጎበዙ ተማሪ አንዲት ነጥብ ለይቶ ይጠይቃል፤ ተገቢውን መልስ ያገኛል። ደካማው ሰፊና ደብዛዛ ጥያቄ ጽፎ ሰፊና ደብዛዛ መልስ ይሰጠዋል፤ መልሱ ረጅም ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይሰጥምበታል።

በጥንድ መሥራትም የራሱ ወጥመድ አለው። የፊደል ሰሌዳውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ፈጣኑ ነው፤ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ይመለከታል። መምህሩ ይህን ካላየ፣ እየተማረ ያለው አንዱ ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው መሣሪያውን ማሻሻል ብቻ አይመስለኝም። ዋናው መምህሩ የተረፈውን ጊዜ የት እንደሚያውለው ነው። መሣሪያው ለሃያ ጥንድ መልመጃ እያወጣና እያረመ ከሆነ፣ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ከመቆጣጠር ነፃ ወጥቷል ማለት ነው። ያን ነፃነት ተሸክሞ ወደ ማን ነው የሚሄደው? ወደሚጠሩት ከሄደ ወደ ጎበዞቹ ይሄዳል፤ የሚጠሩት እነርሱ ናቸውና። ዝም ወዳሉት እንዲሄድ ከተፈለገ ግን ሥልጠናው አስቀድሞ ይህን ሊነግረው፣ የክፍለ ጊዜው ዕቅድም ሰዓት ሊመድብለት ይገባል። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን ባሉበት የንባብ ደረጃ እየመደበ በማስተማር ያለምንም ውድ መሣሪያ ብዙ አሳይቷል። የመሣሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲህ ካለው አመዳደብ ጋር ቢጣመር፣ ደካማው ተማሪ መጀመሪያ መምህሩ ዘንድ ቁጭ ብሎ ጥያቄውን እንዴት እንደሚቀርጽ ይማራል፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

መሣሪያው ያለ ገደብ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ከቱርክ የተገኘ ሌላ ጥናት በደንብ ያሳያል። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ ሲለማመዱ አንዱ ቡድን ተራውን ጂፒቲ-4፣ ሌላው ደግሞ በመምህራን ፍንጮች ተዘጋጅቶ መልሱን በቀጥታ እንዳይሰጥ የተገደበውን ተጠቀመ። በልምምዱ ወቅት ተራውን የተጠቀሙት 48 በመቶ፣ የተገደበውን የተጠቀሙት 127 በመቶ ተሻሻሉ። ከዚያ መሣሪያው ተወሰደና ተፈተኑ። ተራውን ይጠቀሙ የነበሩት መሣሪያውን ጨርሶ ካላዩት ተማሪዎች 17 በመቶ ዝቅ አሉ። መልሱን እየቀዱ ነበር እንጂ አልተማሩም። የተገደበውን የተጠቀሙት ይህ ጉዳት በአመዛኙ አልደረሰባቸውም። የቤኒን ሲቲ ፈተና በወረቀት መሆኑ ለምን አስፈላጊ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ዝናብ፣ አድማ እና የጉልት ሥራ

ሙከራው በለመለመ ሜዳ ላይ አልተካሄደም። ጁንና ጁላይ በደቡብ ናይጄሪያ የክረምት ወራት ናቸው፤ ጎርፍ መንገድ ይዘጋል። የመምህራን አድማም ነበር። ከትምህርት በኋላ ሠርተው ቤተሰባቸውን የሚረዱ ተማሪዎችም ነበሩ፤ ዕቃ የሚሸጥ፣ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ከሥራውና ከሰዓት በኋላ ከሚሰጠው ትምህርት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

ለእኔ ከጥናቱ ግኝቶች ሁሉ ብዙ ያልተወራለትና ብዙ ሊወራለት የሚገባው ይኸው ነው፦ ብዙ ቀን የተገኘ ተማሪ ብዙ ተሻሻለ። መሻሻሉም በስድስቱ ሳምንታት ውስጥ ጣሪያ ነክቶ አልቆመም፤ በተጨመረ ቀን ቁጥር ይጨምር ነበር። ይህ ለፕሮግራሙ ምስጋና ነው። ለፍትሐዊነት ግን ማስጠንቀቂያ ነው። መገኘት ዋጋ ካለው፣ መቅረትም ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚቀሩት ደግሞ ቤታቸው በጎርፍ የተከበበባቸውና ከሰዓት በኋላ የሚሠሩት ናቸው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ ማንኛውም ጥሩ ነገር፣ ሳይታሰብበት፣ ከድሃው ልጅ ወደ ተሻለው ያጋድላል።

ወደ እኛ ቢመጣ

ይህን መሰል ፕሮግራም በአዳማ ወይም በደሴ ይጀመር ቢባል ከቤኒን ሲቲ የሚለየን አንድ ትልቅ ነገር አለ። እዚያ ተማሪው የሚማረውም፣ ከመሣሪያው ጋር የሚያወራውም በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እነዚህ መሣሪያዎች ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ቋንቋ ነው። የእኛ ተማሪ ግን ያልገባውን የፊዚክስ ሐሳብ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በትግርኛ አስረዳኝ ማለት ይፈልጋል። መብቱም ነው። መሣሪያዎቹ በእነዚህ ቋንቋዎች የሠለጠኑበት ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በግእዝ ፊደል ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፤ በኮምፒውተር ውስጥ አንድ የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲቀመጥ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጽሑፉን የሚቆራርጡበት ዘዴም ለአማርኛ የተሰናዳ ባለመሆኑ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ በብዙ ተጨማሪ ቁርጥራጭ ይከፈላል፤ በአጠቃቀም ልክ ለሚከፈልበት አገልግሎት ይህ የዋጋ ልዩነት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በመምህራን የታረመ፣ በየቋንቋው የተዘጋጀ የቃላትና የማብራሪያ ስብስብ ለመሣሪያው መስጠት የግድ ይመስለኛል። በሒሳብ ቃል የተሳሳተ አማርኛ ያገኘ ተማሪ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውምና።

አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችስ? ለዓይነ ስውር ተማሪ እነዚህ መሣሪያዎች የከፈቱት በር እውነተኛ ነው። ከማርች 2023 ጀምሮ ቢ ማይ አይስ የተባለው አገልግሎት ጂፒቲ-4ን በመጠቀም ፎቶ ግራፍን በቃል መግለጽ ጀምሯል፤ በመጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ለማያይ ልጅ ሊተረክለት ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን እንደ ቤኒን ሲቲው በጽሑፍና በፊደል ሰሌዳ ላይ የቆመ ክፍለ ጊዜ እንዲሁ ቢቀዳ ይህን ልጅ ከበሩ ይመልሰዋል። ጽሑፉን በአማርኛ የሚያነብለት ድምፅ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በድምፅ የሚሰጥ ትእዛዝ ከመጀመሪያው ቀን በዕቅዱ ውስጥ መኖር አለበት። መስማት ለተሳነው ተማሪም የተጻፈ እንግሊዝኛ ከምልክት ቋንቋውና ከአካባቢው ቋንቋ ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ቋንቋ መሆኑን ያላሰበ ፕሮግራም ቀላል ብሎ የሚያቀርበው ጽሑፍ ቀላል አይሆንለትም።

እኔ ቀጣዩን ሙከራ የማዘጋጀት ዕድል ባገኝ ሦስት ነገሮችን እለውጥ ነበር። ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ሳይሆን ለሦስት እከፍላለሁ፦ መሣሪያውንና መምህሩን ያገኙ፣ ያንኑ 18 ሰዓት ከመምህሩ ጋር ያለ መሣሪያ ያገኙ፣ ምንም ያልተጨመረላቸው። ያኔ የመሣሪያው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ተለይቶ ይታያል። ክፍለ ጊዜውንም ወደ መደበኛው የትምህርት ሰዓት አስገባዋለሁ፤ ሱቅ የሚጠብቀው ልጅና ውኃ የምትቀዳው ልጅ እንዳይቀሩ። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ አማካዩን ከመናገሬ በፊት በመነሻው ፈተና ከታች ሩብ ላይ የነበሩት የት እንደደረሱ አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ከእነርሱም መካከል ሴቶቹን፣ በሌላ ቋንቋ አፍ የፈቱትን፣ ከግማሽ በላይ የቀሩትን ለየብቻ። የትምህርት ቢሮው ፕሮግራሙን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ለማስፋት ሲወስን የሚያየው የመጀመሪያው ገጽ ይኸው እንዲሆን።